ዘርን ስለ መቍጠርና የራቀ ዘመድን ስለ መፈለግ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

በአገራችን ልማድ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በመንገድ ወይም በለቅሶ ቤት ተገናኝተው ጥቂት ከተጨዋወቱ በኋላ፥ አንደኛው ሁለተኛውን «ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ጥያቄው ወሬ ከመውደድ የመጣ አይደለም። ጠያቂው የአባትን፣ የአያትንና የትውልድ ስፍራን ስም ከሰማ በኋላ በልቡ ቈጥሮ «እንግዲያውስ ዘመዳሞች ነን» የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። ዛሬ ግን ይህን ጥያቄ የሚጠይቀን አጠገባችን የተቀመጠ ሽማግሌ ብቻ ሳይሆን፥ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በስቶክሆልም ወይም በሪያድ የሚኖር፥ ፊቱንም አይተነው የማናውቅ ሰው ሊሆን ይችላል። ጥያቄውም የሚደርሰን በኢንተርኔት ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ የትውልድ ሐረግ እንዴት እንደሚከታተሉት፥ በኢንተርኔትም የራቀ ዘመድ እንዴት እንደሚፈለግና ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባ ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አስቀድሜ የራሴን ስሕተት ልናገር። ከእናቴ ወገን፥ የአያቴ ታናሽ እኅት የሆኑ አንዲት አሮጊት በገጠር ይኖሩ ነበር። ማንበብና መጻፍ አያውቁም፤ ነገር ግን የዘመዱን ሁሉ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በቃላቸው ይዘው፥ የሦስት ወረዳን ሰው እርስ በርሱ ማዛመድ የሚችሉ ነበሩ። እኔም ደብተር ይዤ ሄጄ የሚነግሩኝን ሁሉ ለመጻፍ ካሰብሁ ቈየሁ። «ለመስቀል እሄዳለሁ» አልሁ፤ ሥራ በዛ። «ለጥምቀት» አልሁ፤ እሱም አለፈ። ለፋሲካም እንደዚሁ ሆነ። በዚያው ዓመት ክረምት አሮጊቲቱ ዐረፉ። አርባቸው ወጥቶ ብዙ ሳይቈይ፥ በሕፃንነቷ ወደ ውጭ አገር ከተወሰደች አንዲት ሴት መልእክት ደረሰኝ። የቅድመ አያቷን ስምና የአንዲት ደብር ስም ጠቅሳ «ከእናንተ ወገን ናቸው ይባላል፤ እውነት ነውን?» ስትል ጠየቀችኝ። መልሱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እስከ ዛሬ ድረስ «ዘመዴ ነሽ» ልላትም፥ «አይደለሽም» ልላትም አልቻልሁም።

ይህን ማንሣቴ ለሐዘኔ አይደለም። ከዚህ በታች የምናገረው ሁሉ መሠረቱ በዚህ ላይ ስለሆነ ነው፤ ይኸውም ኢንተርኔት የሚያገናኘው አስቀድሞ የተጻፈን ስም ከተጻፈ ስም ጋራ ነው። በሽማግሌ ልብ ያለውን ግን ሰው ሄዶ ካልጠየቀው በቀር ምንም መሣሪያ አያወጣውም።

አባቶቻችን ዘር ይቈጥሩ የነበሩት ለጌጥ አልነበረም። አንደኛው ምክንያት ጋብቻ ነው። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ሰዎች እንዳይጋቡ ስለሚከለከል፥ ሽምግልና ከመላኩ በፊት የሁለቱም ወገን ሐረግ ይመረመራል። ሁለተኛው መሬት ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በነበረው የርስት ሥርዓት፥ አንድ ሰው መሬት እንዲደርሰው ከመጀመሪያው አቅኚ አባት መወለዱን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቈጥሮ ማስረዳት ነበረበት። በዳኛና በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ «እገሌ እገሌን ወለደ» እያለ ሳይሳሳት መዝለቅ ያልቻለ ሰው ሙግቱን ይረታ ዘንድ አይቻለውም ነበር። በሶማሌ ወገኖቻችንም ዘንድ ሕፃናት የአባቶቻቸውን ስም ተራ በተራ በቃላቸው ያጠናሉ። በኦሮሞም ወገኖቻችን ዘንድ የጎሳ ቈጠራ ከጋብቻ ሥርዓት ጋራ የተያያዘ ነው። ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያንም ሰባት ቤት የመቍጠርን ልማድ ይዘው ሄደዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ የርስት ሙግት ቀረ። ከሙግቱም ጋራ ዘር የመቍጠሩ ትጋት እየላላ ሄደ። በተለይ በከተማ ተወልደን ያደግነው ሰዎች ከአያታችን ስም በላይ ስንጠየቅ የምንቸገር ሆንን።

በዚህ ላይ አንድ ቀላል ሒሳብ ልጨምር። እያንዳንዱ ሰው 2 ወላጆች፣ 4 አያቶች፣ 8 ቅድመ አያቶች አሉት። እንዲህ በየትውልዱ እየታጠፈ ሲሄድ በሰባተኛው ላይ 128 ይደርሳል፤ ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ያሉትም ቢደመሩ 254 ይሆናሉ። ስለዚህ የአባቱን አባት፣ የአያቱን አባት እያለ በወንድ ሐረግ ብቻ ሰባት ትውልድ የሚቈጥር ሰው፥ እጅግ ዐዋቂ ቢባልም፥ ከ254ቱ የሚያውቀው 7ቱን ብቻ ነው። የእናቱን እናት፣ የአባቱን እናትና የእነሱን ወላጆች ትቶአቸዋል ማለት ነው። አብዛኛውም ዘመዳችን ጠፍቶ የቀረው በዚህ በተተወው በሴቶቹ በኩል ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ስማችን ጠባይ እንመለስ። በአውሮፓና በአሜሪካ የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ስለሚተላለፍ፥ አንድን ስም ይዞ መዝገብ መፈለግ ይቻላል። በእኛ ዘንድ ግን የልጅ ስም ከአባቱ ስም ጋራ ተያይዞ ይጠራል እንጂ የጸና የቤተሰብ ስም የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ይሁን እንጂ የሕዝቡ ልማድ አልተለወጠም። ከዚህም የተነሣ የሚደርሰውን ድንግርግር በምሳሌ እንመልከት። ከበደ ወልዴ ተሰማ የሚባል ሰው ወደ አሜሪካ ሄደ እንበል። የመጨረሻው ስሙ «ተሰማ» እንደ ቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገባል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ልጁ አልማዝ ስትከተለው «አልማዝ ከበደ ወልዴ» ተብላ ስለምትጻፍ የቤተሰብ ስሟ «ወልዴ» ይሆናል። እንግዲህ አባትና ልጅ በአንድ ቤት እየኖሩ፥ መዝገቡ ግን ሁለት የማይዛመዱ ቤተሰቦች አድርጎ ይቈጥራቸዋል። ስለዚህ በውጭ አገር ያለ ዘመድ በአንድ ስም ተፈልጎ ባይገኝ የለም ብሎ መቍረጥ አይገባም፤ በአባቱም በአያቱም ስም መሞከር ያስፈልጋል።

መዝገቡም ቢሆን ገና ሕፃን ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በከተሞች ማዘጋጃ ቤት ከተመዘገበው በቀር፥ የአያቶቻችን ልደት በመንግሥት መዝገብ ተጽፎ አይገኝም። ከዚህ የተነሣ ዋናው መዝገባችን ሽማግሌው ነው።

እንግዲያስ ሥራው በምን ይጀመራል? በመጀመሪያ ደብተርና ብርሳስ ይዞ፥ ቢቻልም የእጅ ስልክን ድምፅ መቅረጫ አዘጋጅቶ፥ በቤተሰቡ ውስጥ በዕድሜ ከሁሉ ወደሚበልጡት ዘንድ መሄድ ነው። ለመቅረጽም አስቀድሞ ፈቃዳቸውን መጠየቅ ይገባል። የሚጠየቀውም ነገር እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ የእያንዳንዱን ሰው ሙሉ ስም፤ ክርስቲያን ከሆነ የክርስትና ስሙን፤ ቅጽል ስም ወይም የፈረስ ስም ካለውም እሱን መጻፍ ያስፈልጋል። አንድ ሰው በሠፈሩ «አባ እገሌ» ተብሎ ሲጠራ ኖሮ ዋና ስሙ የተረሳ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፥ የተወለደበትን ስፍራ። የጠቅላይ ግዛት፣ የአውራጃና የወረዳ ስምና ወሰን በየጊዜው ስለ ተለወጠ፥ የቀበሌውን ቍጥር ብቻ መጻፍ አይበቃም። የደብሩን ወይም የመስጊዱን፣ የወንዙንና የገበያውን ስም መጨመር ይገባል። መንግሥት ቢለወጥ የወንዝ ስም ቶሎ አይለወጥምና።

ሦስተኛ፥ ዘመኑን። አረጋውያን ዓመተ ምሕረት ባይጠቅሱም ዘመንን በታወቀ ነገር ይለያሉ። «በክፉ ቀን» ቢሉ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰውን ረኀብ፥ «በኅዳር በሽታ» ቢሉ 1911 ዓ.ም.ን፥ «በማይጨው ዘመቻ» ቢሉ 1928 ዓ.ም.ን፥ «በታኅሣሥ ግርግር» ቢሉ 1953 ዓ.ም.ን ማለታቸው ነው። «እናቴ በኅዳር በሽታ ጊዜ ጡት ትጠባ ነበር» ያለ ሰው የእናቱን የልደት ዓመት ነገረን ማለት ነው።

አራተኛ፥ የሴቶቹን ነገር። ሚስት ከየት መጣች? አባቷ ማን ነው? እኅቶቿስ ለማን ተዳሩ? ይህን በተለይ ሴቶች አረጋውያንን መጠየቅ ይጠቅማል።

የአንዱን አረጋዊ ቃል ከሌላው ቃል ጋራ ማመሳከርም አይረሳ። ሁለት ምስክሮች ሲለያዩ የሁለቱንም መጻፍ እንጂ ደስ ያለንን መምረጥ ተገቢ አይደለም።

ከቃል ቀጥሎ የተጻፈ ነገር ይፈለጋል። በቤት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የጋብቻ ውል፣ የኑዛዜ ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈበት አሮጌ ፎቶግራፍ፥ ሁሉም ምስክር ነው። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በወንጌልና በሌሎች የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ፥ የመሬት ስጦታና ሽያጭ ከነምስክሮቹ ስም ተጽፎ ይገኛል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1973 ጀምሮ በተደረገ ሥራ ብዙ ሺህ የኢትዮጵያ የእጅ ጽሑፎች በማይክሮፊልም ተነሥተው፥ ቅጂያቸው በሚኔሶታ፥ ኮሌጅቪል በሚገኘው በሂል የብራና መጻሕፍት ቤት ተቀምጧል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይታያሉ። የአያቱን ደብር ስም የያዘ ሰው ከዚያ ደብር የተነሣ መጽሐፍ መኖር አለመኖሩን በቢሮው ተቀምጦ መመልከት ይችላል።

ደብተሩ ከተሞላ በኋላ ወደ ኢንተርኔት መሄድ ይቻላል። በዓለም ላይ የትውልድ ሐረግ የሚመዘገብባቸው የታወቁ ድርጅቶች አሉ። ከእነሱም «ፋሚሊሰርች» የተባለው ያለ ክፍያ ሲያገለግል፥ «አንሴስትሪ»ና «ማይሄሪቴጅ» የተባሉት ለሙሉ አገልግሎታቸው ያስከፍላሉ። ነገር ግን የሰበሰቡት መዝገብ አብዛኛው የአውሮፓና የአሜሪካ ስለሆነ፥ ለእኛ የሚጠቅሙት ይበልጡን የቤተሰብን ሐረግ በሥርዓት ጽፎ ለማስቀመጥና ወደ ውጭ የወጡትን ለመከታተል ነው። የጠፋ ዘመድን ለማግኘት ግን በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በዋትሳፕ የሚቋቋሙት የቤተሰብና የአገር ልጆች ማኅበሮች ብዙ ጊዜ ይበልጥ ይረዳሉ።

በፍለጋው ጊዜ ስለ ፊደል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በፊደላችን አንድ ድምፅ ያላቸው ልዩ ልዩ ፊደላት ስላሉ፥ «ኃይሉ» በሦስቱም ሀ፣ «ሥላሴ» በሁለቱም ሠ፣ «ዓለሙ» በሁለቱም ዐ፣ «ፀሐይ» በሁለቱም ጸ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። መሣሪያው እነዚህን እንደ ልዩ ልዩ ስም ሊቈጥራቸው ስለሚችል ሁሉንም መሞከር ነው። በላቲን ፊደል ሲሆን ችግሩ ይብሳል፤ «ጸጋዬ» የሚለውን አንዱ በቲ፣ ሌላው በኤስ ይጀምረዋል። የልደት ቀንም እንዲሁ ያሳስታል። የእኛና የአውሮፓውያን ዘመን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለያይ ሲገለበጥ የሚሳሳተው ብዙ ነው። ከዚህም በላይ የልደት ቀናቸው ያልታወቀ ብዙ ስደተኞች በሄዱበት አገር በጃንዋሪ 1 ቀን እንደ ተወለዱ ተደርገው ተመዝግበዋል።

በጦርነት ወይም በስደት የተለያየ ቤተሰብ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ወደ ቀይ መስቀል ይሂድ። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ ኮሚቴ ጋራ ሆኖ የጠፉ ዘመዶችን ያለ ክፍያ ያፈላልጋል። ኮሚቴው ፈላጊዎቹ ፎቶግራፋቸውን የሚያወጡበት «ትሬስ ዘ ፌስ» የተባለ የኢንተርኔት ገጽም አለው።

በደም ወይም በምራቅ ምርመራ ዝምድናን ማወቅ ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። አዎን፥ ይቻላል፤ ነገር ግን ወሰን አለው። ልጅ የተፈጥሮ ውርሱን ግማሽ ከአባቱ፣ ግማሽ ከእናቱ ይቀበላል። የአንድ አያት የልጅ ልጆች በአማካይ ከመቶ 12 ተኩል ያህል ይጋራሉ፤ የአንድ ቅድመ አያት የልጅ ልጅ ልጆች ከመቶ 3 ያህል፤ ከዚያ አንድ ትውልድ ወደ ላይ ሲኬድ ከመቶ 1 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በሰባት ቤት የሚዛመዱ ሰዎች በምርመራው ሳይታዩ ሊቀሩ ይችላሉ። አሮጊቲቱ ያውቁት የነበረውን ምራቅ አይነግረንም ማለት ነው። በተጨማሪም ዝምድናው የሚታወቀው ሁለቱም ወገኖች ተመርምረው በአንድ ድርጅት መዝገብ ሲገኙ ብቻ ነው። ከአገራችን ደግሞ የተመረመረው ሰው ጥቂት ነው።

አሁን ስለ ጥንቃቄ ጥቂት ልናገር። «ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ» ከተባለው የምርመራ ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ በሌቦች እጅ ወድቋል፤ በ2025ም ድርጅቱ ራሱ የኪሳራ አቤቱታ አቅርቧል። ስለዚህ በሕይወት ያሉ ሰዎችን ሙሉ ስም ከልደት ቀናቸውና ከእናታቸው ስም ጋራ በአደባባይ ማውጣት አይገባም። ደግሞም «ዘመድህ ነኝ» ብሎ መጥቶ ሳይውል ሳያድር ገንዘብ የሚጠይቅ አታላይ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሰው ስሙን ሳይሆን ከስሙ ጀርባ ያለውን መጠየቅ ነው፤ የአያታችን የክርስትና ስም ማን ነበር? ከደብሩ በታች ያለው ወንዝ ምን ይባላል? እውነተኛ ዘመድ ባያውቅ እንኳ «እናቴን ልጠይቅ» ይላል፤ አታላይ ግን ይቈጣል።

ሌላው ጥንቃቄ የልብ ነው። በየቤተሰቡ የተሰወረ ነገር አለ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ በድኽነት ምክንያት ለሌላ ቤት የተሰጠ፣ በባርነት ወይም በሙያው ተንቆ የኖረ ወገን ይኖራል። ይህ ሲገኝ ለማሳፈር ሳይሆን ለማስታረቅ መዋል አለበት። ሐረጉን ቈጥሮ ከሌላው በላይ ነኝ ለማለት የሚፈልግም ሰው ቢኖር፥ ሰባተኛው ትውልድ ሳይደርስ እሱ ባዕድ ከሚለው ወገን የተወለደች ቅድመ አያት ሊያገኝ ስለሚችል ይጠንቀቅ። በቅንነት የተቈጠረ ዘር ሰውን ያቀራርባል እንጂ አይለያይም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ የሚጠይቁን ስላሉ ነው እላለሁ። በጥር 2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ሰዎች የሚደረገው ጉዲፈቻ እስኪከለከል ድረስ፥ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 የሚበልጡ የኢትዮጵያ ልጆች ተወስደዋል። ከእነሱም ብዙዎቹ ዛሬ ዐዋቂ ሆነው የወላጆቻቸውን ስም ይፈልጋሉ። በዚያው ዓመት በሐምሌ በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ሃያ ዓመት ያህል ተቋርጦ የነበረው የስልክ መስመር ሲከፈት፥ የወንድማቸውን ቍጥር የማያውቁ ሰዎች ያገኙትን ቍጥር እየመቱ ከማያውቁት ሰው ጋራ ሰላምታ ይለዋወጡ እንደ ነበር እናስታውሳለን። መስመሩ ሲከፈት ከሌላው ወገን የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። መልሱ ግን አስቀድሞ ካልተጻፈ መስመሩ ብቻውን አይበቃም።

ክቡራንና ክቡራት፤ እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች በቀን ስንት ደብዳቤ እንጽፋለን፤ ስንት መዝገብ በቍጥርና በቀን እናስቀምጣለን። የራሳችን ቤት ፋይል ግን ገና አልተከፈተም። ስለዚህ የሚመጣውን ቅዳሜ አንድ ሰዓት ለዚህ ጉዳይ እንድናውለው እለምናለሁ። ሩቅ ከሆኑ ስልክ ደውለን፥ ቅርብ ከሆኑ ቡና ይዘን ሄደን፥ በቤተሰባችን ታላቅ ከሆኑት አጠገብ ተቀምጠን «የእናትዎ እናት ማን ይባሉ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። የሰማነውን ስም ያን ጊዜውኑ እንጻፈው። ለመስቀል ወይም ለፋሲካ ብለን አናሳድረው።